ከታች ያለ ሰው

አዲስ አበባ
ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

የትናየት እህቴ፣

አንቺስ ደህና ነሽ? አባባስ? እኔን ከጠየቅሽ ጉልበቴ ላይ ከበለዘው በቀር ሙሉ ጤነኛ ነኝ።

ደብዳቤሽን አረጋ እዚሁ ሳሪስ፣ ስፖርት ቤቱ በር ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ። ጭነቱን ሊያራግፍ ቸኩሎ ስለነበር ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት ዘረጋልኝ። እጮኛዬ ፖስተኛችን ሆነ ማለት ነው። ኔትወርካችሁ አንድ ቀን መጥቶ ድምፅሽን ሳልጠግበው እየተቆረጠ ከሚያናድደኝ፣ ይኸኛው ይሻለኛል።

ጥያቄሽን ግን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ጂዩ ጂትሱ፣ ስለዚህ የመሬት ላይ ትግል በስልክ ሳወራሽ "የትልልቅ ሰው ልፊያ" እያልሽ ትስቂብኝ አልነበር? አሁን ምን አገኘሽና ነው፣ ከታች የወደቀ ሰው ምን ማድረግ ይችላል ብለሽ የምትጠይቂኝ? የምትሠሪበት ሆቴል ባዶ ሆኖ ሰልችቶሽ ይሆናል። ለማንኛውም ደስ ብሎኛል።

ከማን ተማርሽው ላልሽኝ፣ ለአባባ "ስፖርት ነው" ብዬ ነው ያለፍኩት። ለአንቺ ልንገርሽ። አቡዳቢ እሠራበት የነበረው ቤት አንዲት ትንሽ ልጅ ነበረች። ትምህርት ቤት ይህን ትግል ያስተምሯቸዋል፤ እቤት ግን የሚታገላት እህትም ወንድምም የላትም። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ምንጣፉ ላይ "ነይ ሰብሌ፣ አንቺ ከላይ ሁኚ፤ አሁን ደግሞ ከታች ሁኚ" ትለኛለች። መጀመሪያ እሷን ለማስደሰት ነበር። በኋላ ግን ሰዓቱን እኔ እጠብቀው ጀመር። በዚያ ቤት በስሜ ጠርታ የምትነካኝ እሷ ብቻ ነበረች። እዚህ ስመለስ ይህን ስፖርት ቤት አየሁና ሥራ ጠየቅሁ። ጠዋት አጸዳለሁ፤ ማታ ሴቶቹን አለማምዳለሁ።

አሁን ስሚኝ። ያቺ የጠየቅሽኝ ነገር ጋርድ ትባላለች፤ መከላከያ እንደማለት ነው። ጀርባሽ መሬት ላይ ነው። ሰውየው እግሮችሽ መካከል ተንበርክኳል። የማያውቅ ሰው ቢያይሽ አለቀላት ይላል። አላለቀልሽም። እግሮችሽን በወገቡ ዙሪያ ጠምጥሚና ቁርጭምጭሚቶችሽን ከጀርባው በኩል አቆላልፊያቸው። ከዚያ ጉልበቶችሽን ወደ ደረትሽ ሳቢ፤ ሳይወድ በግዱ ይጎነበሳል። ሲጎነበስ ማጅራቱን ይዘሽ ራሱን ደረትሽ ላይ አጣብቂው። ልብሽ "ግፊው፣ አርቂው" ይልሻል፤ እንዳትሰሚው። ሰው የሚመታሽ ክንዱን የሚሰነዝርበት ቦታ ሲያገኝ ነው። ከተጣበቀ ቦታ የለውም።

ለዛሬ ይህ ይበቃሻል። አብሮሽ የሚለማመድ ሰው ከሌለ ፍራሽ ጠቅልለሽ በገመድ እሰሪና እሱን ያዢ።

ሠርጉ እንደተባለው በጥር አጋማሽ ነው፤ ብልባላ፣ አባባ ቤት። የሚዜ ቀሚስሽን በምን ቀለም ላሰፋልሽ? ይህን ለምን እንደፈለግሽውም ጻፊልኝ።

ታላቅሽ ሰብሌ


ላሊበላ
ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

ጉልበትሽ ተሽሎሽ እንዲሆን እመኛለሁ። አባባ ቅዳሜ ለገበያ ወጥተው አየኋቸው። ስንዴው ዛላው ሞልቷል፤ የሚያጭድ ሰው ነው ያጡት። የአህያይቱ እግር ድኗል። "ሰብሌ መቼ ትመጣለች?" ነው ወሬያቸው ሁሉ። አረጋ ስኳርና የወገባቸውን መድኃኒት አምጥቶላቸው ነበርና እሱን ሲመርቁ ዋሉ።

ሰልችቶሽ ይሆናል ላልሽኝ፣ ሆቴሉ ያው ነው። ባለቤቱ ከአዲስ አበባ "ክፍሎቹን አናፍሺ" ብሎ ይልክብኛል። አናፍሳለሁ። መስኮት እከፍታለሁ፣ አንሶላ አነጥፋለሁ፣ ማንም ያልተኛበትን አንሶላ ደግሞ አነሳለሁ። ዘበኛው ከተሰናበተ ወዲህ በሩንም የምዘጋው እኔ ነኝ። አልፎ አልፎ ለሥራ የመጣ ሰው አድሮ ይሄዳል። ያኔ እትዬ አመተ ጊዮርጊስ ወጥ ይሠራሉ፤ ሰው ከሌለ ለሁለታችን ይሠሩና ኩሽና ቁጭ ብለን እንበላለን። ታስታውሻቸው እንደሆነ፣ ገነተ ማርያም ያገለግሉ የነበሩት የቄስ ገብረ ዮሐንስ ሚስት ናቸው። ቄሱ ካረፉ ወዲህ ከእኔ ጋር ነው የሚውሉት። ሁለታችንም ብዙ አናወራም።

ያልሽኝን ሞከርሁት። ፍራሽ ጠቀለልሁና በልብስ ማስጫ ገመድ አሰርሁት። ምግብ ቤቱን ወንበሩን አንስቼ ምንጣፉ ላይ ተኛሁ። እግሬን ማቆላለፍ ችያለሁ። ጭኔ ይንቀጠቀጥና ይከፈትብኛል፤ ግን እየጠነከረ ነው። ጉልበቴን ስስበው ፍራሹ ወደ እኔ ይመጣል። ራሱን ደረትሽ ላይ አጣብቂ ያልሽው ነው እምቢ ያለኝ። ፍራሽ እንደሆነ እያወቅሁ እጄ ይገፋዋል። እስካሁን አንድም ቀን አላቀፍሁትም።

ለምን ፈለግሽው ላልሽኝ፣ እንዲያው ነው። ቀኑ ረዝሞብኝ ነው።

የቀሚሱን ቀለም አንቺ ምረጪ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ከእንግዲህ ደብዳቤ በአረጋ አትላኪ። ሥራ ይበዛበታል። ጋሸና ሱቅ ያለው ሙሐዲን ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ይመላለሳል፤ ይቺንም በእሱ ነው የላክኋት። ታማኝ ሰው ነው። ደግሞ ያለፈው ፖስታሽ ሲደርሰኝ ጠርዙ ተነሥቶ እንደገና የተለጠፈ ይመስል ነበር። አንቺ ነሽ?

የትናየት


አዲስ አበባ
ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

የትኔ፣

እንደምን ሰነበትሽ። ፖስታውን እኔ አልነካሁትም፤ መንገድ ላይ ፍተሻ ይኖራል፣ እዚያ ከፍተውት ይሆናል። ይቺን እንዳልሽው ለሙሐዲን ሰጥቻለሁ። አረጋ ግን ቅር ብሎታል። "ምን አደረግኋት?" ብሎ ጠየቀኝ። ምንም እንዳላደረገሽ ነግሬ አጽናናሁት። የእኔ እህት ዓይነ አፋር ናት አልኩት። ስትመልሺልኝ አንድ ቃል ሰላምታ ጨምሪለት፤ ወንድምሽ ሊሆን ነው።

ለአንቺ ደግሞ የምልሽ አለኝ። ፍራሽ አቅፎ መማር የሚቻለው እስከዚያ ድረስ ነው። ፍራሽ አይከብድም፣ አይተነፍስም፣ አያመልጥም። ሰው ያስፈልግሻል። እትዬ አመተ ጊዮርጊስን ለምኛቸው። አትሳቂ፤ እዚህ የሃምሳ ዓመት ሴት አለችን፤ ከሁላችን ለመጣል የምታስቸግረው እሷ ናት።

ከሰው ጋር ስትጀምሪ ግን ከሁሉ በፊት አንድ ሕግ አለ። ሲያምሽ፣ ሲጨንቅሽ፣ ወይም እንዲያው ሲበቃሽ፣ መሬቱን ወይም የሰውየውን ገላ በእጅሽ መታ መታ ታደርጊያለሽ። ያኔ ከላይ ያለው ይለቅሻል። ለምን አይልሽም፤ ቆይ ትንሽ አይልም። አንድ ጎረምሳ፣ ሴቲቱ መታ እያደረገች አልለቅም ብሎ፣ አሠልጣኙ በዚያው ቀን ጫማውን አስይዞ አስወጥቶታል። ይህን ሳትነግሪያቸው እንዳትጀምሪ።

ቀጥሎ ዳሌሽን ማንቀሳቀስ ተማሪ። እንደ ግንድ ተጋድመሽ አትያዢ። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ዘወር፣ ዘወር በይ። ደግሞ ቀና ብሎ ሊቀመጥ ሲሞክር ጠብቂው። እግርሽን ፈትተሽ አብረሽው ተነሺ፤ አንዱን ክንድሽን በትከሻው ላይ አሳልፈሽ የላይኛውን ክንዱን እቀፊው፤ ከዚያ ዳሌሽን ወደ ላይ ገጭ አድርጊና ወደዚያው ጎን ዙሪ። ይወድቃል። አንቺ ከላይ ትሆኛለሽ። የመጀመሪያ ቀን ሲሆንልሽ ሳቅሽ ነው የሚመጣው።

ግን የትኔ፣ ፍራሽ ማቀፍ እንዴት ያቅትሻል? እያሰብኩት ዋልኩ። የሚያስፈራሽ ነገር አለ?

ሰብሌ


ላሊበላ
ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም ሰብሌ፣

ይህን ደብዳቤ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

እትዬ አመተ ጊዮርጊስን ጠየቅኋቸው። ሳቁብኝ። "እኔን ባልቴቷን መሬት ላይ ልታንከባልይኝ?" አሉ። በማግሥቱ ግን የቄስ ገብረ ዮሐንስን ተነፋነፍ ሱሪ ከቀሚሳቸው ሥር ታጥቀው መጡ። ምግብ ቤቱ ውስጥ ፍራሾች ደርድረን፣ በሩን ዘግተን፣ ሕጉን ነገርኋቸው። መሬቱን መታ ሳደርግ ይለቁኛል አልኋቸው። "ምን ከበደኝ፣ እለቅሻለሁ" አሉ።

ተኛሁ። ተንበረከኩና ወደ እኔ አዘነበሉ። እግሬን አቆላለፍሁ፣ ጉልበቴን ሳብሁ፣ ሁሉንም እንዳልሽው አደረግሁ። ክብደታቸው ደረቴ ላይ ሲያርፍ ትንፋሼ ጠፋ። ጠረናቸው የሽንኩርትና የሳሙና ነው፣ አውቀዋለሁ፣ እሳቸው እንደሆኑ አውቃለሁ። ግን ጣሪያው ዝቅ ያለብኝ መሰለኝ። ፍራሹን መታ አደረግሁ። ወዲያው ተነሡ፤ እጄ ገና ፍራሹ ላይ ሳለ። "አመመሽ እንዴ?" አሉኝ። ማልቀስ ጀመርሁና ማቆም አቃተኝ።

እታለም፣ ያስለቀሰኝ መልቀቃቸው ነው። እኔ በአፌ ነበር ያልሁት። "ተው" ብዬ ነበር። ደጋግሜ ብዬ ነበር።

ለመስቀል ማግሥት አረጋ ከአንቺ የተላከ ዕቃ ይዞ መጣ። ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ ላይኛው ፎቅ አንሶላ አነሳ ነበር። እታች ይጠብቀኛል ብዬ ስወርድ ደረጃው ላይ አገኘሁት። ዕቃውን ልቀበል ስል ወደ ክፍሉ ገፍቶ አስገባኝና በሩን ዘጋው። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ እስኪጥለኝ ድረስ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከላዬ ሆነ። ጫማውን እንኳ አላወለቀም። እጄን ከራሴ በላይ ይዞ ነበር። ስለ አንቺ እያወራ ነበር፤ ሰብሌ እንዳትሰማ እያለ፣ ይህ የቤተሰብ ነገር ነው እያለ። እኔ እንደ ግንድ ተጋድሜ ነበር።

እትዬ አመተ ጊዮርጊስ የጓዳውን ቁልፍ ፈልገው በሩን አንኳኩ። የሆነውን ሊሆን ከነበረው የለየው ያ ማንኳኳት ብቻ ነው። አረጋ ተነሥቶ ሸሚዙን አስተካከለ። ሊወጣ ሲል "ለሰብሌ ደብዳቤ ካለሽ ጠዋት ሳልነሣ አምጪልኝ" አለኝ።

ጻፍሁልሽ። ያቺን መጀመሪያ ያሳቀችሽን ጥያቄ። በእሱ እጅ ስለሆነ ከዚያ በላይ መጻፍ አልቻልሁም። መልስሽንም እሱ ነው ያመጣልኝ፤ በሩ ላይ ቆሞ "ምን ጻፈችልሽ?" ብሎ ሲጠይቀኝ ፈገግ ይል ነበር።

እትዬ አመተ ጊዮርጊስ ስነግራቸው ብዙ አልደነገጡም። "ያን ቀን ፊትሽን አይቻለሁ። አንቺው እስክትነግሪኝ ነው የጠበቅሁሽ" አሉ። ከዚያ ሱሪያቸውን ከፍ አድርገው "አሁን እንቀጥል ወይስ ነገ?" አሉኝ። ነገ አልኋቸው። በነጋታው ራሳቸውን ደረቴ ላይ ያዝሁ። ጥቂት ቆየሁና መታ አደረግሁ። ለቀቁኝ። ደግሜ ያዝኋቸው።

ሠርግሽን እያፈረስሁብሽ እንደሆነ አውቃለሁ። አባባ ለድግሱ ወይፈኑን ለይተዋል። ላለመናገር ብዙ ሞክሬያለሁ። ግን "ወንድምሽ ሊሆን ነው" ያልሽውን ሳነብ አቃተኝ። ለሠርጉ ማግሥት እቤታችሁ ስመጣ፣ እሱ በር ከፍቶልኝ፣ አንቺ ጓዳ ሆነሽ፣ እያልሁ አሰብሁት።

ታምኚኛለሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም። መልስ ብቻ ጻፊልኝ።

የትናየት


አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔ ቆንጆ፣

በሰላም ነሽ? ዛሬ አጭር ነው የምጽፍልሽ፤ አረጋ መኪናውን አሙቆ እየጠበቀኝ ነው። ሙሐዲን ሰሞኑን ብቅ አላለም፤ ስለዚህ በአረጋ መላኬን ይቅር በይኝ፣ ደግሞ ቀሚሱም አለ። ቀለሙን እሱ ራሱ ነው የመረጠልሽ። እኔ ሰማያዊ ስል፣ "የለም፣ ለየትናየት ቀዩ ነው የሚያምራት" አለ። ልበሽውና ካልበቃሽ ወዲያው ላኪልኝ፣ ከሠርጉ በፊት ይስተካከላል።

የእኔም ቀሚስ አልቋል። ጥልፉን ስታዪው ታለቅሻለሽ። ለአባባ ጋቢ ገዝቻለሁ። ሁሉም ነገር ደስ እያለኝ ነው፤ አንቺን አጠገቤ አለማየቴ ብቻ ይከፋኛል።

ልምምዱስ? እትዬን ገለበጥሻቸው?

የምትወድሽ ሰብሌ


ላሊበላ
ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰብሌ፣

ደብዳቤሽም ቀሚሱም ደርሶኛል። በሩን አልከፈትሁለትም፤ በፍርግርጉ በኩል ነው የተቀበልሁት። እትዬ አመተ ጊዮርጊስ መጥረጊያ ይዘው አጠገቤ ቆመው ነበር።

መልስሽ ይህ ከሆነ ገብቶኛል። ካላነሣነው ያልፋል ብለሽ ይሆናል። ምናልባት አንቺ ብሆን እኔም እንዲያ አደርግ ይሆናል። በጣም እንደደከምሽና ለመጀመሪያ ጊዜ የራስሽ ቤት ሊኖርሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ሠርጉ ላይ ግን አልገኝም። ለአባባ አሞኛል በያቸው።

ትናንት ላይኛው ፎቅ ወጥቼ መስኮቶቹን ሁሉ ከፈትሁ። ከዚያ ማየት የሚቻለው ሸለቆው ብቻ ነው። ለማን ብዬ እንደከፈትኋቸው አላውቅም፤ ምሽቱ ሲቀዘቅዝ ዘጋኋቸው።

ከእንግዲህ ስለ ጋርድ የምትጽፊልኝ ነገር አያስፈልገኝም። አመሰግናለሁ።

ይቺን ጋሸና ለሙሐዲን ሱቅ እንዲያደርስልኝ ለመንገደኛ ሰጥቻለሁ።

የትናየት


አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ፣ የትናየት፣ እናቴ፣

ሙሐዲን ዛሬ ጠዋት መጣ። መንገዱ ለጭነት መኪና ብቻ ተከፍቶ ስለነበር ጋሸና ከርሞ ነበር። ሁለቱንም ደብዳቤዎችሽን በአንድ ላይ ሰጠኝ። የታኅሣሥ ሦስቱ እስከ ዛሬ ኪሱ ውስጥ ነበር የትኔ። ቀሚሱን ስልክልሽ ምንም አልደረሰኝም ነበር። ምንም አላውቅም ነበር። ከዚህ ሁሉ በፊት ይህን እንድታውቂ ነው የምፈልገው። ሙሐዲን ዕቃውን ጭኖ ዛሬውኑ ስለሚመለስ እየተጣደፍኩ ነው።

ሁለተኛውን ቀድሜ ከፈትኩ፤ አልገባኝም። ከዚያ የመጀመሪያውን አነበብኩ። ስፖርት ቤቱ ደረጃ ላይ ነበርኩ፤ ባልዲው አጠገቤ ነው። እውነቱን ልጻፍልሽ፤ መጀመሪያ የተናደድኩት በአንቺ ነው። ለምን አሁን፣ ለምን በሠርጌ ብዬ። ባልዲውን ደፋሁት። ወለሉን ስወለውል ግን አንድ በአንድ መጣልኝ፤ የፖስታው ጠርዝ፣ "ምን አደረግኋት" ያለበት አኳኋን። እኔ እኮ ምንም እንዳደረገሽ አልነገርኩትም ነበር። ደብዳቤ በሙሐዲን ይሁን ብላለች ብቻ ነበር ያልኩት።

አረጋ እዚሁ ከተማ ነው፣ ጭነት እየጠበቀ። ሄድኩበት። ስምሽን ብቻ ጠራሁ። "ምን ብላ ጻፈችልሽ?" አለኝ። ዓይኑ ወደ መኪናው ቁልፍ ሄደ። ከዚያ ልጅቷ ብቻዋን ስለምትውል ነገር ይምታታባታል አለኝ። ቀለበቱን አውልቄ የመኪናው ኮፈን ላይ አኑሬለት ተመለስኩ።

ነገ ለልደት ከሚሄዱት ምእመናን ጋር እሳፈራለሁ። መንገዱ ለእነሱ ይከፈታል ብለዋል። ይህ ደብዳቤ ከእኔ ይቀድማል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ለአባባ እኔ ነኝ የምነግራቸው፤ አንቺ አንድ ቃል መናገር የለብሽም። ካልፈለግሽ አጠገቤም መሆን የለብሽም።

እኔ ላስተምርሽ ብዬ ራሱን አጣብቂው፣ እቀፊው እያልኩ ስጽፍልሽ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ስደርስ ሮጬ አላቅፍሽም። በሩ ላይ እቆማለሁ። አንቺ ስትመጪ ነው።

ሰብሌ


ላሊበላ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

በሰላም መግባትሽን ሙሐዲን ነገረኝ፤ ጭንቀቴ ቀለለ። ከሄድሽ ወዲህ ምግብ ቤቱ ሰፍቶብኛል። አንቺ የተኛሽበትን አልጋ አንሶላ ገና አላነሣሁትም።

አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮት የጠየቅሽኝን መልስ ሳልሰጥሽ ሄድሽ። ለምን አብሬሽ እንዳልመጣሁ። አሁን ብሄድ እሱ ያባረረኝ ይመስለኛል። ይህ መልስ ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም። አንዳንድ ቀን ያን ደረጃ ስወጣ እግሬ ይከብደኛል፤ ለምን እዚህ ተቀመጥሁ እላለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሳላስበው ወጥቼ እገኛለሁ። አልመጣም ብዬ አልቆረጥሁም። እሱን ስለ መክሰሱም ገና አልወሰንሁም። እትዬ አመተ ጊዮርጊስ እመሰክራለሁ ብለዋል። አትቸኩሊብኝ።

ሰው ብዙ ያወራል። ሽማግሌዎቹ ጥሎሹን ሲመልሱ ብልባላ ያልሰማ የለም። አንዳንዱ አንቺን ነው የሚያማው፣ አንዳንዱ እኔን። አረጋ ወደዚህ መንገድ መምጣት ትቷል ይላሉ፤ በሌላ በኩል ነው አሉ የሚጭነው። የጭነት መኪና ድምፅ ሲሰማኝ ግን አሁንም ከሥራዬ እቆማለሁ። ቀዩን ቀሚስ እትዬ ቀደው የወለል መወልወያ አደረጉት፤ ሳይነግሩኝ ነው።

አባባ ደህና ናቸው ወይ ላልሽኝ፣ አንቺ ከነገርሻቸው ጀምሮ ለገበያ ሲወጡ ወደ እኔ አይመጡም ነበር። ጨውና ጋዛቸውን ገዝተው በታች በኩል ይመለሳሉ። ተቀይመውኛል ብዬ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ግን አህያይቱን በሩ ላይ አስረው ገቡ። ጋቢሽን ለብሰዋል። ቆመው ግድግዳውን ሲያዩ ቆዩና፣

"ያ ሰብሌ የምታስተምርሽን ትግል እስቲ አሳዩኝ" አሉ።

አፈርሁ። እትዬ አመተ ጊዮርጊስ ግን ወዲያው ሱሪያቸውን ሊታጠቁ ሄዱ። አባባ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው። እኔ ፍራሹ ላይ ተኛሁ። እትዬ ከላይ ሆኑ። እግሬን አቆላለፍሁ፣ ሳብኋቸው፣ ራሳቸውን ያዝሁ። ቀና ሊሉ ሲሉ አብሬ ተነሥቼ ክንዳቸውን አቀፍሁና ገለበጥኋቸው። እትዬ ሳቃቸው መጣ። አባባ አልሳቁም።

"ድገሙት" አሉ።

ደገምነው። ጎንበስ ብለው ነበር የሚያዩት፣ ልክ የታመመ ከብት እግር እንደሚያዩት።

"እኛ ልጅ ሆነን ስንታገል፣ ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ ነበር የሚባለው" አሉ። ቆይተው "ማን እንደደነገገው እንጃ" አሉ።

ስለዚያ ነገር አንድ ቃል አላነሡም። እትዬ ያቀረቡትን በልተው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ልድረስ ብለው ተነሡ። እስከ መታጠፊያው ሸኘኋቸው። እዚያ አህያይቱን አቁመው ወደ እኔ ዞሩ። እንደ ወትሯቸው ሊመርቁኝ እጃቸውን አነሡ፤ ግን ራሴ ላይ አልጫኑትም። አየር ላይ ይዘውት ቆሙ። እኔን እያዩ ነበር የሚጠብቁት።

ገባኝና ጠጋ ብዬ ራሴን ዝቅ አደረግሁላቸው።

የትናየት